ቀዩ መብራት በርቶ ነበር?

የአባይን በረሃ በመኪና ያቋረጠ ሰው መንገዱን በጆሮው ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የቆላው ወበቅ በመስኮት ገብቶ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ደጀን አፋፍ ሽቅብ ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. እናቴን አዲስ አበባ የቀኝ ዓይኗን ሞራ አስገፍፌ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመልሳት፣ ሃይሉክሷ የከዳችኝ እዚህ ሽቅብ ላይ ነው።

እናቴ ከሕክምናው በኋላ ነገር ሁሉ አዲስ ሆኖባት ነበር። ከሱሉልታ ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ትጠይቀኛለች። ሙከ ጡሪ ላይ የጭድ ክምር፣ ገብረ ጉራቻ ላይ የሱቅ ቀለም፣ ጎሐ ጽዮን ላይ የዝንጀሮ መንጋ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የኅዳሴ ድልድይ ስናልፍ ከምሰሶው ወርደው የተወጠሩትን ኬብሎች አንጋጣ አየችና፣ «ይኸ በገና አይመስልም?» አለችኝ። ስንት ጊዜ አልፌበት በገና መሆኑን አላየሁም። ከድልድዩ ወዲህ ደግሞ ዓይኗ እዚያው አጠገቧ ባለው ላይ አረፈ፤ በዳሽቦርዱ መርፌዎችና መብራቶች ላይ። ይህች ነገር በኋላ ብዙ ትሠራለች።

አፋፉ ላይ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የመኪናዋ ጉልበት ቀነሰ። ነዳጅ ብረግጥም ከኋላ የያዛት ነገር ያለ መሰለኝ። ማርሽ ቀነስኩ። ሞተሩ ይንተፋተፍ ጀመር፤ አንዴ ያገግማል፣ አንዴ ይዋልላል፤ በመጨረሻ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቀስ እያለ ዝም አለ። የባትሪውና የዘይቱ ቀይ መብራቶች በሩ። ከኋላዬ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ክላክሱን ያምባርቃል። እንደምንም ዳር አስይዤ ወረድኩና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ትልልቅ ድንጋይ ታኮ አደረግሁ።

«ልውረድ እንዴ ልጄ?»

«ተቀመጪ እማዬ፤ ፀሐዩ ለዓይንሽ አይሆንም።»

ኮፈኑን ከፍቼ የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ተጫንኳት። መጀመሪያ ላላች፤ ከሥሯ ምንም የሌለ ይመስላል። ሠላሳ አርባ ጊዜ ስጫናት ቀስ በቀስ ጠነከረች። ቁልፉን ባዞር ሞተሪኖው ጥቂት ዞሮ ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ደብረ ማርቆስ እስክንገባ ምንም አልሆነችም።

መኪናዋ የ1996 ሞዴል ናት፤ 2.8 ሊትር የሆነው 3ኤል የሚሉት ሞተር ያላት፣ ባለ ሁለት ጋቢና። እንዲህ ያለውን የድሮ ናፍጣ ሞተር እወደዋለሁ፤ ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ቤንዚን ሞተር እሳቱን ከካንዴላ ይለምናል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1893 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀርመን አገር የፈጠራ መብት ያገኘበት ሞተር ግን ከማንም እሳት አይለምንም። አየሩን ብቻውን ያስገባና ይጨምቀዋል፤ የእኔው ሞተር ወደ 22 እጥፍ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይግላል፤ ናፍጣው እንደ ጉም ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። ካንዴሌታዎቹ የሚያስፈልጉት ጠዋት ብርድ ላይ ለማስነሳት ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ከውጭ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው አየር ያልተቀላቀለበት ናፍጣ። ሁለተኛው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ላይ ለተሰካች አውራ ጣት ለምታህል ሶሌኖይድ 12 ቮልት የሚያደርስ አንድ ቀጭን ሽቦ። ቁልፉ ሲከፈት ሶሌኖይዷ የናፍጣውን በር ትከፍታለች፤ ኮረንቲ ሲቋረጥባት ትዘጋዋለች። የዛሬዎቹ ኮምፒውተር ያላቸው ሞተሮች ስንት ሴንሰር እንደሚጠይቁ ላየ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ወይ ናፍጣው ነው፣ ወይ ሽቦው ነው። የሚጠረጠረው ይህን ያህል ጥቂት ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሞተር ስድስት ወር ሙሉ ሰው ማሳቀቁ እንዴት ሆነ?

የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ክፋቱ መካኒክ ፊት አለመታየቱ ነው። ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው ሐኪሙ በር ላይ ሲደርስ እንደሚሻለው ማለት ነው። አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ያስገባሁበት ጋራዥ ውስጥ ሃይሉክሷ ግማሽ ቀን ሙሉ እንደ ሰዓት ሠራች። «ምንም የላትም» አሉኝ። በሳምንቱ ጠፋችብኝ። ፊልትሮ ተቀየረ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነች፤ ከዚያ ጠፋች። ባትሪው ደክሟል ተብሎ አዲስ ባትሪ ተገዛ። ካንዴሌታዎቹ ተቀየሩ። ሶማሌ ተራ ወርጄ አዲስ ሶሌኖይድ ገዛሁ። በመጨረሻ ፖምፓው ወርዶ ተፈታ፤ ለእሱ የከፈልኩት የሁለት ወር ደመወዜን ነው። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ጥቂት የሰላም ቀናት ይመጣሉ፤ «በቃ ተገኘ» እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አንዱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ።

ዛሬም የሚቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከነዚያ ሁሉ እጆች መካከል አንድም ሰው ቁጭ ብሎ «ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ዕቃ በግምት መቀየር ጥገና ሊባል አይገባም። ደህና የነበረውን ዕቃ አስወጥቶ ጥራቱ በማይታወቅ ሌላ ይተካል፤ ባለመኪናውም ያ ዕቃ ተመርምሯል ብሎ ዓይኑን ከዚያ ያነሳል። ፖምፓው ሲፈታ በእኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ናፍጣውን የሚጠረጥር ሰው ጠፋ።

በዚህ መሃል አጠፋፏ መልኩን ለወጠ። ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጭ ሳትንተፋተፍ፣ ጉልበቷ ሳይቀንስ፣ ኩራዝ እፍ ሲሉት እንደሚጠፋው ድርግም ትላለች። አንዳንዴ በማርሽ እየተንከባለለች ሳለ መልሳ ራሷ ትነሳለች፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንገቱ ወደፊት ነቅነቅ ሲል ብቻ ነው የሚታወቀው። አንድ ማለዳ ቀለበት መንገድ ላይ በጥሩ ፍጥነት ስሄድ እንዲሁ ድርግም አለች። በድንጋጤ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። እዚህ ላይ የእንዲህ ያለ መኪና አሽከርካሪ ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በዚህ ሞተር ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ነው የተገጠመው፤ ዲናሞው ካልዞረ እሱም አይዞርም። መሪውን የሚያቀለውም ፖምፓ እንደዚያው ሞተሩ ሲዞር ነው የሚሠራው። ፍሪሲዮን ከተረገጠ ጎማው ሞተሩን ማዞሩን ያቆማል። ያን ጊዜ ፍሬኑ አንድ ሁለት እርግጫ ይታዘዝና ከዚያ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ፍሪሲዮኑን ባልረግጥ፣ ማርሹ እንደገባ ባቆየው ኖሮ ሞተሩ ናፍጣ ባያገኝም በጎማው ኃይል እየዞረ ፍሬኑን ያቆይልኝ ነበር። ያን ዕለት በሁለት እግሬ ፍሬን ላይ ቆሜ፣ አንድ ታክሲን በክንድ ርቀት ስቼ ነው ዳር የያዝኩት። ጉልበቴ መንቀጥቀጡን እስኪተው ከመኪናው አልወረድኩም።

ግንቦት ላይ የእናቴ ግራ ዓይንም ተሠራ። መኪናዋን አላመንኳትም፤ እናቴ ግን አውቶቡስ አይሆንላትም። ሰልባትዮውን ሞልቼ፣ ንጋት ላይ ወጣን። አባይን ያለ ምንም ችግር አለፍን። ደጀንን አልፈን የትኖራ ሳንደርስ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ ድርግም አለች። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ስለነበርን በዝግታ ዳር ያዝኩ። ቁልፉን ዘግቼ መልሼ ብከፍት ወዲያው ተነሳች።

እናቴ ዳሽቦርዱን እያየች ነበር። «ዛሬስ ቀዩ መብራት አልበራም» አለች።

«የቱ ቀይ?»

«ያኔ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆምብን ሁለት ቀይ መብራት በርቶ አልነበር? ዛሬ ግን ያ መርፌም ወደቀ፣ ሁሉም ድርግም አለ።»

ሰምቼ ዝም አልኩ። ልቤ ያለው መንገዱ ላይ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጎረቤት የጠቆመኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የሚሠሩት ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ ከአንዲት የዕቃ ሣጥንና ከአንድ ቴስተር በቀር ብዙ ነገር የላቸውም። ሃይሉክሷን ሳቆም ኮፈኑን ይከፍታሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልከፈቱትም። ዱካ ስበው ተቀመጡና ለእኔም አንድ ገፋ አደረጉልኝ።

«በል ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አሉ። «መቼ? የት? ሽቅብ ነው ቁልቁል? ነዳጅህ ስንት ነበር? ሞተሩ ግሏል ወይስ ገና ነው? ቀስ ብላ ነው የምትጠፋው ወይስ ድንገት?»

የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ስላቸው አልተቆጡም፤ በጥፍራቸው መሬቱን እየጫሩ ይሰሙኛል። ከዚያ፣ «ስትጠፋ ቀዩ መብራት በርቶ ነበር?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የእናቴ ነገር ትዝ ያለኝ። ቤት ተመልሼ አመጣኋት። ሰውየው ከዱካቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«እማማ፣ እርስዎ አይተዋል አሉኝ።»

«አዎ፣ አይቻለሁ። መጀመሪያ ስትቆም ሁለቱ ቀዮች በርተዋል። ትናንት ግን የነበረውም መብራት ጠፋ፣ መርፌውም ተኛ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሏት፤ ወደ እኔም ዞሩ። «የባትሪውና የዘይቱ መብራት ኮረንቲ የሚያገኙት ከቁልፉ ነው። ሞተሩ ናፍጣ አጥቶ ከሞተ ቁልፉ ኮረንቲውን አልነፈጋቸውም፤ ስለዚህ ይበራሉ። ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ራሱ ከተቋረጠ ግን በምን ይበራሉ? መርፌውስ በምን ይቆማል? ልጄ፣ መኪናህ የታመመችው ሁለት በሽታ ነው። አንዱን ያከመልህ ሁሉ በሌላው እያፈረ ነው የተመለሰው።»

ስድስት ወር የተቋጠረው ነገር ያለ ምንም መፍቻ፣ አንድ ብሎን ሳይላላ ተፈታ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ሥራው እስኪያልቅም አልሄድም አለች።

በሽታው ሁለት ነው ማለት ገና ግምት ነው፤ ሰውየውም ይህን አልረሱም። ከሶሌኖይዷ ሽቦ ላይ ቅጥያ አውጥተው በመስኮት አስገቡና ጫፉ ላይ ትንሽ የፍሬቻ አምፖል አስረው ዳሽቦርዱ ላይ በናስትሮ ለጠፉት። ሞተሩ ሲጠፋ አምፖሉ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ የኮረንቲ ነው፤ አምፖሉ በርቶ ሞተሩ ከጠፋ የናፍጣ ነው። ፊልትሮው ጋ ደግሞ ከሰልባትዮ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ነቅለው በስንዝር የምትለካ ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ አስገቡበት፤ የሚያልፈው ናፍጣ በዓይን እንዲታይ።

የኮብልስቶኑን መንገድ ሁለቴ ተመላለስንበት። በሁለተኛው ላይ አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ፤ ሞተሩም አብሮት ነቀነቀን። ሽማግሌው ሳቅ አሉ። ቆመን፣ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ አውልቀው በጀርባቸው ተኙና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣት እየያዙ ማርገብገብ ያዙ። ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ከዚያ ነጭ መስመር ያለበትን ጥቁር። እዚህኛው ላይ ሞተሩ ድርግም አለ።

ሽቦው መሃል ላይ ጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለበት እብጠት አለ። ናስትሮው በሙቀት ሙጫው ቀልጦ እንደ ማር እጅ ላይ ይዝለገለጋል። ቀስ ብለው ሲፈቱት ውስጡ ተቆርጦ በእጅ የተጠማዘዘ መዳብ ወጣ። ግማሹ ክር ተበጥሷል፤ የቀረው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከሰል ሆኗል። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው አላርም አስገጥሞ ነበር፤ አላርሙ ሲነቀል የተቆረጠውን ዋና ሽቦ ማንም አልበየደውም፣ ጠምዝዞ ጠቅልሎ ሄደ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉ እንደተከፈተ ከእሱ ኮረንቲ የሚያገኘውን ሁሉ አሠርተው ቴስተሩን ከወዲህና ከወዲያ ሲያስነኩት፣ በአንዱ ወገን 12.4 ቮልት፣ በሌላው 10 እንኳ አልሞላም። ከሁለት ቮልት በላይ እዚያች የበቆሎ ፍሬ በምታህል ቋጠሮ ውስጥ እየነደደ ነበር። አዲሱ ባትሪም አዲሱ ሶሌኖይድም ለዚህ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ጫፉን ቆርጠው፣ አዲስ ሽቦ ቀጥለው በሊድ በየዱትና በወፍራም መሸፈኛ አለበሱት። ለሩብ ሰዓት ያህል ሽቦዎቹን ሁሉ እንደገና አርገበገቡ። አምፖሉ አልተነቃነቀም።

ናፍጣው ጊዜ ወሰደ። ሰልባትዮው ገና ብዙ ናፍጣ ስለነበረው በምታሳየው ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ናፍጣ ያለ እንከን ጥርት ያለ ነው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ሰልባትዮውን እስከ ሩብ አስጎደሉት፤ ከዚያ መኪናዋን ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ እንዳቆማት አዘዙኝ። ነገሩ ሲገባኝ ልቤ መታ፤ የአባይን ሽቅብ እዚያው ሰፈር ውስጥ መሥራታቸው ነበር። ሰልባትዮው ከኋላ ነው፤ ሽቅብ ላይ ከፖምፓው የበለጠ ዝቅ ይላል፤ ናፍጣውም ሲጎድል ፖምፓው አጥብቆ መሳብ አለበት። ሞተሩን ከፍ አድርጌ አስጮህኩት። ከደቂቃ በኋላ በቱቦዋ ውስጥ አንዲት ነጭ አረፋ አለፈች። ቀጥላ ሌላ። ከዚያ እንደ ዶቃ ተከታትለው መጡ።

«እይ» አሉ፤ ጣታቸው ቱቦዋ ላይ ነው። «አየር እየጠጣች ነው።»

ማንም ያላየው ለዚህ ነው። ቱቦ ወደ ውጭ የሚያፈስ ከሆነ እርጥበቱ ይታያል፣ ሽታውም ይናገራል። ይህኛው ግን ከፖምፓው በፊት ያለ የመሳቢያ መስመር ነው፤ በቀዳዳው አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ናፍጣ አይወጣም። ውጩ ደረቅ ነው። ሰልባትዮው አናት ላይ፣ ፋሼታው ከሚነክስበት ሥር፣ ጎማው ተሰንጥቆ አገኙት። ስንጥቁ ሲታጠፍ እንደ ዓይን ቆብ ይከፈታል፣ ሲለቁት ይከደናል። የዚያ ቱቦና የሁለት ፋሼታ ዋጋ ለፖምፓው ከከፈልኩት ጎን ሲቆም የሚነገር አልነበረም።

ሒሳብ ስጠይቃቸው የጠሩት ብር አሳፈረኝ፤ ጨምሬ ስሰጣቸው ግማሹን መለሱልኝ። «አሁን ጨርሰናል አልልህም» አሉ። «ስትመለስ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሩብ እንዲቀርህ አድርገህ ሙላ። አምፖሏን አትንቀላት። በሽቅቡ ውጣና ደውልልኝ።»

እንዳሉት አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ከደጀን ወደ በረሃው ወረድኩ። ድልድዩን ሳልፍ መርፌው ሩብ ላይ ነበር፣ ወበቁም የዚያን ቀኑ ወበቅ። ወደ ጎሐ ጽዮን ያለውን ሽቅብ በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት፤ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ናስትሮ በተለጠፈባት ትንሽ አምፖል ላይ። የተበላሸውን አስፋልት ሆን ብዬ ሄድኩበት። ጆሮዬ ተከፈተ። ብርዱ በመስኮት ገባ።

ጎሐ ጽዮን ላይ ዳር ይዤ መጀመሪያ ለሽማግሌው ደወልኩላቸው። «ጎሽ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ለእናቴ።

«ደረስክ ልጄ?»

«በረሃውን ወጣሁ እማዬ።»

«ቀዩስ?»

«አልበራም።»

«ትንሿስ?»

ዞር ብዬ በመስኮቱ አየኋት። ሞተሩን አላጠፋሁትም ነበር።

«በርታለች» አልኳት።